ለይበልጣል ሚስት ልንጠይቅ እጨጌ ቤት የሄድንበት ጉዞ

ስሜ ጥሩነህ ዋሴ ነው፤ የሞጣ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደልን የለየሁት ዕቃ ከተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ራዲዮ መፍታትና መግጠምንም ያሳየኝ ሰው የለም። ዛሬ በሞጣ ሰዓት ሲቆም ወደ እኔ ይመጣል፤ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲያጓራ ወደ እኔ ይመጣል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉም ወደ እኔ ይመጣሉ። ሦስቱንም ፈታትቼ አይቼ፣ ጠግኜ እመልሳለሁ። በሽምግልና ሄጄ ልጅ ጠይቄ የተከለከልሁበት ቤት የለም። ይህን የምለው ለመመካት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

በዘርም ቢሆን የማንም ታናሽ ሆኜ አላውቅም። አባቴ እንደነገረኝ እኛ ከጎንደር፣ ከእጨጌ ቤት የወረድን፣ የአዛዥ ገላው ልጆች ነን። አዛዥ ማለት በነገሥታቱ ጊዜ የቤተ መንግሥቱን ግብር የሚያሰናዳ ሹም ነው። ይህን በሠርግም፣ በተዝካርም፣ በእድር ስብሰባም ስናገር ኖሬአለሁ፤ የሞጣ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

የታላቅ ወንድሜ የአበጀ ልጅ ይበልጣል ጎንደር ሲማር ትዕግሥት ከምትባል የእጨጌ ቤት ልጅ ጋር ተዋደደ። ሁለቱም ተመርቀው ሥራ ይዘዋል። በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ልጅቱ ደወለችለት፦ ሌሎች ሽማግሌዎች ደጅ እየጠኑ ነው፣ አባቷም ቃል ሊሰጣቸው ነው። ይበልጣል እንቅልፍ አጣ። «አጎቴ፣ አንተ ከሄድህ አይመልሱህም» አለኝ። እኔም ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። ወንድሜ አበጀ ሊሸኘኝ ሲወጣ የመከረኝ አንድ ምክር ብቻ ነው፦ «ዘራችንን በደንብ ንገራቸው።»

ሰኞ ማለዳ ከመሪጌታ አንዳርጌ ጋር ከሞጣ መናኸሪያ ተነሣን። መሪጌታ የደብራችን መሪጌታ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ስለሆነ አንተ እንባባላለን። የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የተናገረውን ግን ሰው ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። እኔ ለልጅቱ ቤተሰብ በጀሪካን የሞጣ ማር ይዣለሁ፤ እሱ ጃንጥላውንና ዳዊቱን ይዟል። በአዴት በኩል ባሕር ዳር ገብተን አደርን። ስለ ባሕር ዳር አልጽፍም፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ።

ማክሰኞ የጎንደር አውቶቡስ ያዝን። ከወረታ በኋላ ሜዳው ሁሉ ሩዝ ነው። በእኛ አገር ውሃ የተኛበት መሬት ለከብት ይተዋል፤ የፎገራ ሰዎች ግን ሀብት አድርገውታል። ይህን ለመሪጌታ ሳስረዳ ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ጮኸች።

«ምነው አባቴ! ቦርሳዬን ቀፎ አደረጉት እኮ!»

የጀሪካኑ ክዳን ላልቶ ማሩ በአውቶቡሱ ወለል ላይ ወደፊት ፈሷል። ክዳኑን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ ደህና አድርጌ አጥብቄው ነበር። ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንሥታ ጣቷን ላሰች፤ ደግማ ላሰች።

«ሸጋ ማር ነው ግን» አለች።

ፈንታነሽ ትባላለች፤ የአዘዞ ሰው ናት። አዲስ ዘመንን፣ ማክሰኝትን፣ ጠዳን አልፈን አዘዞ ስንደርስ «እጃችሁን ሳትታጠቡ ከተማ አትገቡም» ብላ ቤቷ ወሰደችን። ቦርሳዋን ያበላሸንባት እኛ፣ ሽሮ በቅቤ ያበላችን እሷ! ጠላዋ የዳጉሳ ነው፤ ከእኛ ጠላ ይወፍራል፣ ቶሎም ያስተኛል። መሪጌታ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አንቀላፋ። እሷ የጀሪካኑን አፍ በላስቲክ አስራ መለሰችልኝ። ማሰሪያዋ ከእኔ ማጥበቂያ አይበልጥም፤ ግን እስከ መጨረሻው አላፈሰሰም።

አዘዞን ለማታውቁ፦ የጎንደር ደጅ ናት። አውሮፕላን ማረፊያው እዚህ ነው፤ ወደ ጭልጋና ወደ መተማ የሚወስደው መንገድም ከዚህ ይገነጠላል። ከዚያ አንድ ረጅም መንገድ በማራኪ በኩል አድርጎ ወደ ፒያሳ ይወጣል። ከአዘዞ ፒያሳ ሚኒባስ አለ፤ ከፒያሳ ወዲያ ሁሉም ነገር በባጃጅ ነው። ፒያሳ ጣሊያን ትቶት የሄደ ስም ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። እኛ አደባባዩን አደባባይ እንለዋለን፤ ጎንደሬ በባዕድ ቋንቋ ሲጠራው ይደምቅለታል። መኪናንም ሽማግሎቻቸው «ማኪና» ይሉታል።

ያረፍነው ፒያሳ አጠገብ ያለ አልጋ ቤት ነው። ባለቤቱ አያ ስማቸው የሚባል የደባት ሰው ነው፤ እዚያ ትልቅን ሰው አያ ይሉታል። ቧንቧው ውሃ ስላልነበረው ሙቅ ውሃ በባልዲ ራሱ ተሸክሞ አመጣልን። እኔም የቆመውን የግድግዳ ሰዓቱን ፈትቼ አስነሣሁለት። ትንሽ ይፈጥናል። የመጣንበትን ስነግረው «ሁለት ሰው ጠበኛ ያስታርቃል እንጂ ሚስት አይጠይቅም፤ ሽማግሌ ሦስት ነው። የልጅቱን አባት አውቀዋለሁ፤ ሦስተኛችሁ እኔ ነኝ» አለ። እንግዳ ሆነን በገባንበት ምሽት ሽማግሌ ሆነልን።

ረቡዕ ጠዋት ሰፈሩን አስቀድሜ ልሰልለው ወጣሁ። የአባቶቼ አገር ነውና መንገድ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ባጃጅ አስቁሜ በዚህ ግባ፣ በዚያ ታጠፍ እያልሁ ነዳሁት። ሹፌሩ ዝም ብሎ ሲታዘዘኝ ቆይቶ ፊት ሚካኤል በር ላይ አቆመ።

«ደረስን?» አልሁት።

«አያ፣ መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ፣ ነዳጁን የምገዛው እኔ። ቤተ ክርስቲያን ከተሳለሙ አይቀር ብዬ ነው» አለ።

እኔም ተሳለምሁ። ባልሳሳት ኖሮ ፊት ሚካኤልን አላየውም ነበር። ፊት የተባለው ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ስለተተከለ ነው፤ ፊት አቦም እንዲሁ። የጎንደር የድሮ ሰፈሮች ስማቸው ራሱ ማን የት እንደተቀመጠ ይነግራችኋል። አቡን ቤት ጳጳሱ የሚቀመጡበት ነበር። አዲስ ዓለም የእስላሞች ሰፈር ነው፤ ነጋዴውና ሸማኔው ከጥንት የኖረበት። እጨጌ ቤት ደግሞ የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሰፈር ነበር። ሰው ገድሎም ሆነ ንጉሥ አስቆጥቶ ሮጦ እጨጌ ቤት የገባ አይያዝም ነበር ይባላል፤ የንጉሥ ወታደር እንኳ ደንበሩ ላይ ቆሞ ይመለሳል።

ዛሬ እጨጌ ቤት የሚጠለል የለም። ጠባብ የድንጋይ መንገድ፣ ከፋሲል ግንብ ቅጥር ጋር በአንድ ዘመን የተሠራ የሚመስል አሮጌ ግድግዳ፣ ከሱ ላይ የተለጠፈ የቆርቆሮ ሱቅ፣ ከሱቁ በላይ የተሰቀለ የሳተላይት ሳህን አለ። ግንቡንማ አየሁት። ትልቅ ነው። በእኛ በኩል ያለው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ይበልጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ለዘመኑ ጥሩ ሥራ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ጾሙ ከተፈታ ወዲያ፣ ሦስታችን ነጠላችንን አጣፍተን የአያ መኳንንትን ቤት አንኳኳን። አያ መኳንንት የጌሾ ነጋዴ ነው፤ ግቢው ገና ስትገቡ የጌሾ ሽታ አፍንጫ ይይዛል። ሰውየው ደረተ ሰፊ፣ ድምፁ ከበሮ ነው።

«ተቀመጡ እንጂ! እንግዳ ቆሞ ምን ይባላል?»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልሁ።

«ጎጃሜ ቆሞ ከተናገረ ቅኔ ነው። ተቀምጣችሁ ንገሩኝ፣ ለእኔ ሰሙ ይበቃኛል።»

ተሳቀ፤ እኛ ግን አልተቀመጥንም። በምችለው ሁሉ ተናገርሁ። ልጃችሁን ለልጃችን ሰጥታችሁ ልጅ አድርጉን አልሁት። ስለ ይበልጣል ትምህርት፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ወንድሜ ቤት፣ ስለ ራሴም ጥቂት ነገርሁት። አያ መኳንንት ልቡ እንደተመለሰ ፊቱ ላይ አየሁ።

«ሸጋ ነው። እንግዲህ ዘራችሁን ልስማ» አለ።

ይህን ስጠብቅ ነበር። የእኛ ሰው ሰባት ቤት ሳይቆጥር አይጋባም፤ የሁለቱ ወገን አያቶች ከሰባት ቤት ወዲህ በአንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ሙሽሮቹ እኅትና ወንድም ናቸው፣ ነገሩም እዚያው ላይ ይቀራል። ጉሮሮዬን ጠርጌ ቆጠርሁ፦

«ይበልጣል አበጀ፣ አበጀ ዋሴ፣ ዋሴ ካሤ፣ ካሤ ደስታ፣ ደስታ ወሰኔ፣ ወሰኔ የአዛዥ ገላው ልጅ!»

አያ መኳንንት ከወንበሩ ተነሣ። «የእጨጌ ቤቱ አዛዥ ገላው?»

«ሌላ አዛዥ ገላው አለ እንዴ?»

«ወንድሜ!» ብሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «እኛም የአዛዥ ገላው ልጆች ነን! ምነው እስከ ዛሬ ሳትመጡ!» ሚስቱን ጠራ፤ ጎረቤቱን ጠራ፤ እኔም ዕንባዬ መጣ። የአባቶቼ አገር አወቀኝ። ሁለታችን ተቃቅፈን ስንወዛወዝ መሪጌታ ከኋላዬ ቀስ ብሎ፦

«እንኳን ደስ ያላችሁ። ሙሽሮቹስ?» አለ።

እጃችን ከትከሻችን ላይ ወረደ። አያ መኳንንት በጣቱ የራሱን ወገን ቆጠረ፤ እሱም ከሰባት በታች ሆነ። ሚስቱ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ አስቀመጠች። ትዕግሥት በጓዳው በር ቆማ ኖሯል።

«አባቶቼ» አለች፣ «ባል ልታመጡልኝ መጥታችሁ ወንድም አመጣችሁልኝ?» ብላ ተመልሳ ገባች።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳያልቅ በተላከበት ቤት እህል አይቀምስም። ዘመድ ግን ዘመዱ ቤት እንቢ አይልም። ስለዚህ በላን። የጾም ሽሮና የሱፍ ፍትፍት ነበር፤ ጥሩ ምግብ እንደዚያ አንቆኝ አያውቅም። መሪጌታ በጆሮዬ፦ «የመጣኸው ልትጠይቅ ነው ወይስ ልታስከለክል?» አለኝ።

ስንወጣ አያ መኳንንት በሩ ላይ ያዘኝ። «አክስቴ አምባ ጊዮርጊስ አለች፤ መነኵሲት ናት። የአዛዡን ዘር እንደ እሷ የሚያውቅ የለም። ነገ አብረን እንሂድና እሷ ትቁጠር፤ ምናልባት ስምንት ቤት ይወጣ ይሆናል። እነዚያኞቹ ዓርብ ይመጣሉ። ከዚያ ወዲያ ላቆያቸው አልችልም።»

ሐሙስ ከመናኸሪያ ወደ ሰሜን በሚወጣ ሚኒባስ ሄድን፤ አያ መኳንንት፣ መሪጌታና እኔ። ከከተማው እንደወጣን ወለቃ ላይ ጎማ ፈነዳ። ወለቃ ድሮ የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበር፤ ሰዎቹ ቢሄዱም መንገዱ ዳር ዛሬም ሸክላ ይሸጣል። ጎማው እስኪቀየር ለአንዲት ሻጭ ሸክላዎቿን እያገላበጥሁ አንዳንድ ምክር ሰጠኋት፤ አተኳኮሱ ላይ የሚሻል ነገር ነበረኝ።

«ሠሪዎቹ እስራኤል ገቡ፤ እጃቸውን ግን እኛ ላይ ትተውልን ነው የሄዱት» አለችኝ። «እርስዎም የሚተዉልን ካለ እጅዎን ይተዉልን፣ አፉስ ይበቃናል።»

አያ መኳንንት እስከ ኮሶዬ ድረስ ሳቀብኝ። በቀረው መንገድ ስለ አዛዥ ገላው አወጋን። እሱ የአዛዡን በቅሎ ነገረኝ፤ እኔ የአዛዡን ጦር ነገርሁት። እሱ ግብሩን አሰፋው፤ እኔ አዳራሹን አሰፋሁለት። «አዛዡ ዛሬ ቢነሡ ራሳቸውን አያውቁም» አለ መሪጌታ። በስተግራ ገደሉ ተከፍቶ እስከ ታች ቆላ ድረስ ይታያል፤ እኛ ወሬ ስለያዝን ብዙም አላየነው።

አምባ ጊዮርጊስ፣ የወገራ ከተማ፣ ብርድ ነው። የእኛ ብርድ ማለዳ መጥቶ ይሄዳል፤ የወገራ ብርድ ባለቤት ነው። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል። እማሆይን ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ገብስ ሲለቅሙ አገኘናቸው። አያ መኳንንት ተሳልሞ «ከጎጃም የመጡ ናቸው» ብሎ ሳይጨርስ፦

«ደግሞ ርስት ልትካፈሉ ነው?» አሉኝ።

«ርስት ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ እማሆይ!»

«እናንተ አትረሱም ብዬ ነው።»

አያ መኳንንት ነገሩን አስረዳቸው። እማሆይ ሰፌዱን እያንገዋለሉ የአዛዥ ገላውን ልጆች ጠሩ፦ ብሩ፣ ተሰማ፣ ዘውዴ። ወደ ገብሳቸው ተመለሱ።

«ወሰኔስ?» አልሁ።

«ወሰኔ? ኮርቻ ተሸካሚው?» ብለው ቀና አሉ። «አዛዡ ከማን እንደተወለደ ሳያውቁ ያስጠጉት አሽከር ነበር። ኋላ ጎጃም ወርዶ ቤት ሠራ። ልጆቹ የአዛዡ ልጆች ነን ብለው ርስት ሊካፈሉ መጡ፤ የአገር ሽማግሌ ተቀምጦ መሰከረባቸው፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ለእናቴ እናቷ ነግራታለች፣ ለእኔ እናቴ።»

መሪጌታ ነገሩን ማጥራት የሚወድ ሰው ነው። «የአዛዡ ሚስት ጡት አጥብታው ይሆን? የጡት ልጅም ልጅ ነው፣ አይጋባም» አለ።

«እንጀራ በላ እንጂ ጡት አልጠባም። ጢም አብቅሎ ነው የመጣው!»

አያ መኳንንት ወደ እኔ ዞረ። አልሳቀም።

«አክስቴ የሰማችውን ነው የምትናገር። ስለ ራሱ ዘር የመጨረሻው ምስክር ግን ባለቤቱ ነው። አንቱ የአዛዥ ገላው ልጅ ነኝ ካላችሁ ዘመዴ ናችሁ፤ ቃላችሁን ረግጬ ልጄን ለወንድሟ አልድርም። አይደለሁም ካላችሁ ባዕድ ናችሁ፣ ልጄንም ልሰጣችሁ እችላለሁ። በአፋችሁ ንገሩኝ።»

ቆሜ ነበር። ትላንት አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ «ወንድሜ» ያለኝ ሰው ይህ ነው። «እማሆይ አርጅተዋል» ብል ማንም አይከራከረኝም ነበር፤ እጨጌ ቤት ስገባ ጎረቤት ሁሉ እየተጠራ ዘመድ እባል ነበር። አባቴ አዛዥ ገላው ብሎ ሲጠራ ድምፁ እንዴት እንደሚወፍር ትዝ አለኝ። ይበልጣልም ትዝ አለኝ፤ ደጋግሞ ስልኩን የሚያየው ልጅ።

«ወሰኔ የአዛዥ ገላው ኮርቻ ተሸካሚ ነበር» አልሁ። «እኔ የወሰኔ ልጅ ነኝ። ከአዛዥ ገላው አልተወለድሁም።»

እማሆይ ሰፌዱን አኖሩ። «በል እንግዲህ ተቀመጥ» አሉ። «እስካሁን እንደ ሹም ቆመህ ነበር።»

ተቀመጥሁ። የተቀቀለ ድንችና የገብስ ጠላ አቀረቡልን። አያ መኳንንት ሲበላ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ የመንገዱ ጨዋታችን እሱንም የጎደለው መሰለኝ። ከዚያ ድንች መርጦ ልጦ በእጁ አጎረሰኝ። «አማችም ዘመድ ነው» አለ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሁሉ ሞልቶ ድንች በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈርን። መሪጌታ ከሹፌሩ ጎን ገባ፤ እኔና አያ መኳንንት ከላይ ጆንያው ላይ። እዚያ ላይ ሆኜ አሰብሁት፦ አዛዡ ከአባቱ ቤት የተሾመ ሰው ነው፤ ወሰኔ ግን ወላጁ ሳይታወቅ ተነሥቶ፣ በእግሩ ዓባይን ተሻግሮ፣ ማንም ሳያሳየው ቤት ሠርቶ፣ ዘር አቆመ። እንደ እኔ ያለ ሰው ከማን እንደሚወለድ ቀድሞውንም ማወቅ ነበረብኝ። ይህን ጮክ ብዬ ለአያ መኳንንት ስነግረው ነፋሱ ወሰደውና «ምን አልህ?» አለኝ። ከአንቱ ወደ አንተ የወረድነው እዚያ ጆንያ ላይ ነው።

ዓርብ ጠዋት ከአያ ስማቸው ጋር ሦስት ሆነን እንደገና ሄድን፤ እንደገና ቆምን፤ እንደገና ጠየቅን። አያ መኳንንትም ልክ ምንም እንዳልሰማ «ዘራችሁን ልስማ» አለ። ቆጠርሁ፤ ወሰኔ ላይ ስደርስ አቆምሁ። «ወገናችን አይደላችሁም። ስለዚህ ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» አለ። እልል ተባለ፤ ትዕግሥትም መጥታ ጉልበታችንን ሳመች። «አያ ጥሩነህ፣ ከወንድምነት ስላወጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ስንወጣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ሰላም ብያቸው አለፍሁ። አዝንላቸው ነበር፤ ግን ደስታዬ ቦታ አልሰጠኝም።

ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ እሑድ ሞጣ ገባን። በዚህ ጉዞ የሠራሁት እነሆ፦

የጎንደርን ሰፈሮች ስምና የታክሲ መንገዶቿን ለይቼ አወቅሁ፤ ፊት ሚካኤልንም ሳላስበው ተሳለምሁ።

የአያ ስማቸውን ሰዓት ጠገንሁ።

የወለቃ ሸክላ ሠሪዎችን መከርሁ፣ ባይቀበሉኝም።

የወገራን ብርድ ቻልሁ፤ መሪጌታ ጉንፋን ያዘው፣ እኔን አልያዘኝም።

ማንም ዘመዱን የማይጠይቀውን ጥያቄ ተጠይቄ በአንድ ቃል መለስሁ።

ትዕግሥት መኳንንትን ለይበልጣል አበጀ አመጣሁ፤ ሠርጉ ጥር ላይ ነው።

ወንድሜ አበጀ ደጅ ወጥቶ ሲቀበለኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሙሽራዋ አልነበረም። «የአዛዥ ገላው ልጆች መሆናችንን ነገርሃቸው?» አለኝ። «አይደለንም» አልሁት። ፊቱን አዞረ። ይኸው ሳምንት ሆነ አያናግረኝም። ይበልጣል ግን እንቅልፍ ይተኛል።